ሲከፈት ዝም የሚል ሞተር

ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚለው። አንድም ቅጥነቱ፣ አንድም ሥራው ያመጣበት ስም ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። እሱም ስሙን ወዶት የሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፎታል። ሽቦ ደግ ሰው ነው፤ ይሄ አስቀድሞ ይነገርለት፣ ኋላ የሚሠራውን የሰማ ሁሉ ይፈርድበታልና። ደግ ነው፣ ግን ይጠረጥራል።

ጠባዩን ከሥራው ሳያመጣው አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ደህና መስሎ የተቀመጠ ዕቃ ሆድ ከፍቶ «አንተ ነህ? ወይስ አንተ?» ሲል የሚውል ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ያንን ዓይን የት ያስቀምጠዋል? ሚስቱ የጨው ዕቃውን ቦታ ብትቀይር እንኳ «ማን ነካው?» ይላል። ጨው ነው እኮ! ማንም ይንካው!

ሱቁ እየቀዘቀዘ ሲሄድ (ሰው ዛሬ ቴሌቪዥን ይጥላል እንጂ መቼ ያስጠግናል) ሽቦ የእንቁላል መፈልፈያ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ከአሮጌ ቁም ሣጥን ትልቅ ሳጥን ሠራ፤ ለሙቀቱ አምፖል አስገባ። ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላሏን በመንቁሯ ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጠ ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይሞታል። ስለዚህ እንቁላሎቹን ወዲያና ወዲህ የሚያንከባልል የእንጨት ፍርግርግ አበጀ። ፍርግርጉን የሚገፋው ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ የተነቀለ ሞተር ነው። ሞተሩን ደግሞ በየተወሰነ ሰዓት የሚቀሰቅሰውና የሚያስቆመው ሽቦ በገዛ እጁ የበየደው ታይመር ነው። ታይመሩን ከሳጥኑ አናት ላይ ባለች የቆርቆሮ ሙዳይ ክዳን ላይ፣ በውስጥ በኩል አሰረው። ክዳኑን ሲከፍቱት ሥራው በሙሉ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር።

ችግሩ ቦታ ነበር። ቤታቸው ሁለት መኝታ ክፍልና ሳሎን ነው። አንዱ የባልና ሚስት፣ ሌላው የአማቱ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ዕቃ ገብቶ ሽቦ ራሱ የሚገባው በጎኑ ነው። ነገሩ ሲነሣ አማቱ ሹራባቸውን ሳያስቀምጡ «ክፍሌን ውሰደው ልጄ፣ እኔ ሶፋው ላይ እተኛለሁ» አሉ። ሽቦም ወሰደው።

የመጀመሪያው ዙር እንቁላል በሙሉ ገማ። ሽታው ቤቱን ሞልቶ ጎረቤት ደረሰ። ሽቦ በባልዲ እየሞላ ጓሮ አውጥቶ ቀበረው፤ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር አላወራም። ሚስቱ ቀስ ብላ ነው የነገረችው። «አንድ ጊዜ ድገመው፣ አልከለክልህም። ይሄኛውም ከተበላሸ ግን ሳጥኑ ይወጣል፣ እናቴም ወደ አልጋዋ ትመለሳለች። ወገቧን አያመኝም ብትልም ያማታል» አለችው። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስለምትውል የወገብን ነገር ታውቃለች። ሽቦ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ግን ተጠነቀቀ። እያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ በአንድ ጎኑ ኤክስ፣ በሌላው ጎኑ ክብ ጻፈ። ፍርግርጉ ወደ ግራ ከሄደ ኤክሱ ወደ ላይ ይታያል፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ክቡ። በሳጥኑ በር ላይ በገጠማት ትንሽ መስታወት አጮልቆ ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ቀን ከሱቅ ሲመለስ አጮልቆ አየ። ፍርግርጉ ግራ ነው። እንቁላሎቹ ግን ክቡን ነው የሚያሳዩት። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር!

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብሎ አሸው። ከዚያ የቆርቆሮውን ሙዳይ ከፈተና ታይመሩ ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ ነካ። ሞተሩ ተነሣ፣ ፍርግርጉን ገፋ፣ በሰዓቱ ቆመ። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ በሰዓቱ ቆመ። በማግስቱ ነቅሎ ሱቅ ወሰደውና በሞተሩ ፈንታ አምፖል ሰክቶ ሞከረው፤ ሽቦ ማንኛውንም ታይመር የሚሞክረው በአምፖል ነው፣ መብራት አይዋሽም ይላል። አምፖሉ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። እንከን የለውም።

ዕቃው ደህና ከሆነ የቀረው ሰው ነው። ሽቦ ነገሩን በዚህ ደመደመ።

ሰው ደግሞ ስንት አለ? ሚስቱ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት አማቱ ናቸው። እንቁላሉ ከተበላሸ ክፍሉን የሚያገኙትም አማቱ ናቸው። ሐሳቡ ሲመጣበት መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ግን ለመደው።

ያን ሰሞን አማቱ ራት ላይ አንድ ነገር አሉ። «ያ ሳጥንህኮ ጤና የለውም። አንተ ከፍተህ ስታየው ጨዋ ነው፣ ዘግተህ ስትሄድ ያቃስታል።»

«እንዴት ነው የሚያቃስተው እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሣል።» ብለው ጉርሻቸውን ቀጠሉ።

ሽቦ ከሱቁ አጠገብ ላለው ጸጉር አስተካካይ በማግስቱ ነገረው፤ መንገር አልነበረበትም። ጸጉር አስተካካዩ የሰው ራስ እጁ ላይ ስለሚውል በውስጡ ያለውንም የማውቅ እኔ ነኝ የሚል ሰው ነው።

«እየሰደቡህ ነው እኮ!» አለው መቀሱን አየር ላይ እያንቋቋ። «አንተ ስትኖር ጨዋ፣ ስትሄድ... ገባህ? አስቀድመው ሰበብ እያበጁ ነው። ነገ እንቁላሉ ሲገማ ‹ነግሬው ነበር› ሊሉ! ጠርጥር ወንድሜ፤ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።»

«አማቴ ናቸው እኮ።»

«ታዲያ ማን ይሁንልህ? እኔ ክፍሉን አልፈልገው።»

ወይ ጉድ! ይሄ ሰው ጸጉር ብቻ ቢቆርጥ ስንት ቤት ሰላም ያድር ነበር።

ሽቦ ወጥመድ አጠመደ። ከአሮጌ ትራንስፎርመር ላይ ከጸጉር የቀጠነች የመዳብ ሽቦ ፈትሎ፣ ጠዋት ሲወጣ ከሳጥኑ በር እስከ ግድግዳው ለጠፋት። ካላወቁባት አትታይም። በሩን የከፈተ ሁሉ ይበጥሳታል። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሥራ አልሆንልህ አለው፤ አንዱን ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ገጠመው።

ማታ ሲመለስ መዳቧ ተበጥሳ ተንጠልጥላለች። ፍርግርጉ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል። እንቁላሎቹ ግን በሙሉ ኤክሳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ተስተካክለው ተደርድረዋል።

ደሙ ፈላ። ሳሎን ሲገባ አማቱ ሶፋው ላይ ሹራብ ይሠራሉ። ሚስቱ ገና አልገባችም። ትንሽ ቢታገሥ፣ ውሃ ቢጠጣ፣ ጫማውን ቢያወልቅ ምናልባት ያልፍለት ነበር። አልታገሠም።

«እማማ፣ ክፍሉን ከፈለጉ በአፍዎ ይንገሩኝ» አላቸው። «በእጅዎ ግን አይሥሩብኝ።»

አማቱ መርፌያቸው ቆመ። «ምን አልከኝ?»

«ሳጥኑን እየከፈቱ እንደሚነካኩት አውቃለሁ። ምልክት አድርጌ ነው የደረስኩበት። እንቁላሉ ቢበላሽ ማን እንደሚጠቀም ለሁላችንም ግልጽ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አማቱ ቀኝ እጃቸውን አዩት፤ ገልብጠው መዳፉንም አዩት። «እጄን ነው ያልከው?» አሉ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ሹራቡን ጠቀለሉ፣ ከሶፋው ሥር ያለችውን ቦርሳቸውን ሳቡ፣ ነጠላ ጫማቸውን ቀይረው ታናሽ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሽቦ ሲወጡ በሩን እንኳ አልያዘላቸውም።

ሚስቱ ገብታ የሆነውን ስትሰማ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። «እናቴን በእንቁላል ለወጥካት?» አለችው።

«መረጃ አለኝ!»

«መረጃህን ታቀፈው እንግዲህ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው የሚያቆመው የለም። ሽቦ ያን ቀን ምሽት እያሰበ አማቱ ሄደው እንኳ አልረጋ አለ። እናትና ልጅ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆንስ? ሙቀት ያገኘ ሐሳብ እንደ ጫጩት ሰብሮ መውጣቱ አይቀርም። ጠዋት ተነሥቶ የክፍሉ በር ላይ በአራት ብሎን ማጠፊያ መትቶ የጓጉንቸር ቁልፍ አንጠለጠለበት። መክፈቻውን በክር አንገቱ ላይ አሰረ። ሚስቱ በሩን አየችው፣ አንገቱን አየችው። «ለእኔም?» ብላ ሄደች። ያችን አንዲት ቃል ሽቦ እስከ ዛሬ ይሰማታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቱ ሳሎን ልብስ ትተኩሳለች፤ ሽቦ ደግሞ ተቃራኒው ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያነበውን ጋዜጣ ይዟል። አይነጋገሩም። ክፍሉ ተቆልፏል፣ መክፈቻው አንገቱ ላይ ነው።

በዚህ መሃል ከክፍሉ ሞተሩ ተነሣ። ማገላበጫ ሰዓቱ ነበር። ተነሣ፣ ግን አልቆመም። ጥርርር ብሎ ዝም አለ፣ ደግሞ ጥርር አለ፣ ተንፈራገጠ፣ ቆመ፣ ተነሣ። ልክ የታመመ ሰው እንደሚያቃስተው።

ሚስቱ ካውያውን አቁማ ቀና አለች። «ማን ይሆን?» አለች።

ሽቦ ጋዜጣውን ጥሎ ተነሣ። ቁልፉን ከፈተ። ገባ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ሞተሩ ይንፈራገጣል። የቆርቆሮውን ሙዳይ ከፈተ። ሞተሩ ወዲያው ጨዋ ሆነ፤ ፍርግርጉን እስከ ጫፍ ገፋና በሰዓቱ ቆመ።

አንተ ከፍተህ ስታየው ጨዋ ነው፣ ዘግተህ ስትሄድ ያቃስታል።

መሞከሪያዋን ነክቶ ሞተሩን አስነሣና ክዳኑን ቀስ እያለ ዘጋው። ክዳኑ ሊገጥም ሲቃረብ ሞተሩ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ራቅ አደረገው፤ ረጋ። አቀረበው፤ ተንዘፈዘፈ። ሽቦ እንደ ሞኝ ክዳኑን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ቆየ።

በሞተሩ ቦታ አምፖል ሰክቶ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። አምፖሉ በራ፣ በሰዓቱ ጠፋ። አይ መብራት አይዋሽም! መብራት ግን ሞተር አይደለም። መብራት በሽቦው ውስጥ በጸጥታ ገብቶ በጸጥታ ይወጣል። ሞተር ሲዞር ውስጡ ብልጭ ድርግም እያለ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይረብሸዋል፣ ሲቆም ደግሞ መልሶ ይራገጣል። ክዳኑ ሲዘጋ ታይመሩ ሄዶ የሚተኛው የሞተሩ ገመድ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሁካታ ታይመሩ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ታይመሩም ሰዓቱ የደረሰ እየመሰለው ሞተሩን ያስነሣል፣ ያቆማል፣ ያስነሣል። ያምርበታል ብሎ ክዳኑ ላይ የሰቀለው ማን ነው? ሽቦ። የሞተሩንና የታይመሩን ኤሌክትሪክ በአንድ ቀጭን ገመድ ያመጣውስ? ሽቦ። ክዳኑን ዘግቶ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያላዳመጠውስ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው።

ቁጭ ብሎ ሠራው። ታይመሩን ከክዳኑ አውርዶ ከሞተሩ አራቀው፤ ለየራሳቸው ገመድ ሰጣቸው። ከታይመሩ ቺፕ እግር ሥር ሁካታውን የምትውጥ ትንሽ ካፓሲተር በየደ። ሞተሩ ላይ ደግሞ ርግጫውን የምትመልስ ዳዮድ አሰረ። የሞተሩን ሁለት ገመዶች እንደ ሹሩባ ጎነጎናቸው። ክዳኑን ዘግቶ፣ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ሞተሩ ተነሣ፣ ገፋ፣ ቆመ። ስንቴም ቢሞክረው ያው ነው።

ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ አንድ ነገር ትዝ አለው። ይሄ ሞተር ዛሬ አይደለም መንዘፍዘፍ የጀመረው። ሳጥኑ ከተሠራ ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያውን ዙርም የገደለው እሱ ነው። ታዲያ ይሄኛው ዙርስ?

ባትሪውን አብርቶ አንዷን እንቁላል ብርሃኑ ላይ አቆማት። በቅርፊቱ ውስጥ ቀያይ ሥሮች ተዘርግተዋል፤ መሃል ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ተወራጨች። ሌላዋን አነሣ፤ እሷም ሕይወት አላት። ሌላዋም። ሞተሩ ሳያገላብጣቸው፣ ፍርግርጉ መሃል መንገድ ላይ እየቆመ፣ ሁሉም ድነዋል።

ኤክስ ሲሆን ወደ ክብ፣ ክብ ሲሆን ወደ ኤክስ፤ አንድም ሳይቀር፣ በእጅ።

ሽቦ የአማቱ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ነገራት። ስትሰማ ሄዳ የብሎን መፍቻ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ማጠፊያውን ነቀለ። ከነጓጉንቸሩ በኪሱ ይዞ ሁለቱን መንገድ ተሻገረ።

አማቱ የታናሽ ልጃቸው በረንዳ ላይ ሹራባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያዩት ሥራቸውን አላቆሙም። ሽቦ ማጠፊያውንና ቁልፉን ከፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በርዎ ላይ የመታሁት ነው። ነቅዬዋለሁ።»

«ልጄ ነገረችኝ። ለሷም ቆለፍክባት አሉ።»

«አዎ።» አንገቱን ደፋ። «ሞተሩ ነው እማማ። ሰው አልነበረም። እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ሲዘጋ ያቃስት ነበር። ነግረውኝ አልሰማሁም። እርስዎ ባያገላብጧቸው... ይቅር ይበሉኝ። ግን ለምን አልነገሩኝም?»

«አንዴ ነገርኩህ፣ አንተ እንደ ሽሙጥ ሰማኸው። ደግሜ ‹ሳጥንህን ከፍቼ እነካዋለሁ› ብልህ ምን ልትለኝ ነበር?»

ሽቦ የሚለውን ያውቀዋል፤ ብሎታልና።

«ቢበላሽ እኮ ክፍልዎ ይመለስልዎት ነበር» አለ። «ዝም ብለው ቢተዉት በቂ ነበር።»

አማቱ አሁን መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ያን ጊዜ እንቁላሉ ሲገማ፣ በባልዲ ይዘህ ጓሮ ወጣህ። በመስኮት አየሁህ። ቀብረህ ስትጨርስ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ቆምክ። ማንም ያላየህ መስሎህ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋው ተመችቶኛል።»

ሽቦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አማቱ አላባበሉትም፤ ግን አልሄዱምም፣ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ «ዛሬ አልመጣም» አሉት። «ገና ሆዴ አልተወውም፣ ልዋሽህ አልችልም። ጫጩቶቹ ሲወጡ እመጣለሁ። እኔም ደክሜባቸዋለሁ፣ ማየት አለብኝ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ጫጩቶቹ ቅርፊት መስበር የጀመሩ ዕለት ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ሽቦ ሱቁን አራግፎ ለሳጥኑ ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፤ ግማሹን አሮጌ ቴሌቪዥን አውጥቶ ሰጥቷል። ጫጩቶቹ እንደደረቁ ሳጥኑ ወጣ፣ አልጋው ተመልሶ ገባ። ጸጉር አስተካካዩ ሳጥኑን ሲያይ «ማን ሆነው ተገኙ?» ብሎ ጠየቀው። ሽቦ «እኔ» አለው።

አማቱ ክፍላቸው ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ማጠፊያው የነበረበትን አራት የብሎን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ነገ በስቱኮ እደፍናቸዋለሁ፣ ቀለምም እቀባዋለሁ» አለ ሽቦ ቶሎ ብሎ።

«ተዋቸው» አሉ። «አንተ ዕቃ ስትጠግን ቶሎ መዝጋት ትወዳለህ።»

በሩን ክፍት ትተውት ገብተው አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ቀዳዳዎቹ እስካሁን አሉ።